ቀሪ

መርጃ መሣሪያው «መንገድ ላይ ነው» ካሉን ሦስት ክረምት አለፈ፤
ሣጥኑን የጫነው መኪና የት ጥላ ሥር አረፈ?
እኔ ግን ሰኞ ጠዋት አርባ ሦስት ልጅ አለብኝ፣
«ሲካፈል» ማለት ምንድን ነው ብሎ ዓይኑን የተከለብኝ።

ስለዚህ ቆርኪ ለቀምሁ።
እሑድ በማለዳ፣ ከሐይቁ ዳር መዝናኛ፣ ወንበሩ ሳይደረደር፣
መሐረቤን ዘርግቼ፣ አጎንብሼ፣ ከጠጠር ለይቼ ስቆጥር፣
«ምን ጠፋብሽ፣ መምህርት?» ሲለኝ አስተናጋጁ፣
«ቁጥር» አልሁት። ሳቀና ሁለት እፍኝ ሰጠኝ በእጁ።

ሥዕሉ ወደ ላይ ሲሆን፣ ያለን ነው። ሆዱን ሲያሳይ፣ ዕዳ ነው።
አንድ ያለን ካንድ ዕዳ ሲጋጠም፣ ሁለቱም ወደ ከረጢት።
ይህን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ይዤ ነበር፤
ይታይሽ ግን፣ እናቷ ጉልት የምትቸረችር፣
«ይኼማ የኛ የዱቤ ደብተር ነው» ብላ
ጨረሰችው ባንድ ትንፋሽ፣ ሳምንቴን ጠቅልላ።

ሐሙስ ገመድ ይዘን ወጣን፣
ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ዘንባባዎቹ።
ዙሪያውን በገመድ፣ ወርዱን በሁለት ሳንቃ መሐል፤
የአትክልት ጠባቂው «ልትቆርጡት ነው?» እያለ በሩጫ ደርሷል።
ቢያድግልኝ አስረዳው። ሰውየው ዱላውን አስደግፎ
ራሱ ያዘልን ጫፉን፣ ወፍራሙን ግንድ አቅፎ።
እዚህ ሲካፈል ሦስት ከምናምን፣
እዚያ ሲካፈል ሦስት ከምናምን፣
ቀጭኑም፣ ጎባጣውም፣ ሦስት ከምናምን!
የፈንታሁን ቡድን ብቻ አራት ከሩብ ይዞ መጣ፤
ገመዱን ለቀው ሸሽተው ነው፣ ጉንዳን ከግንዱ ሲወጣ።
ምናምኑን ነገ እንማራለን፣ አልኋቸው።

አወል ግን ገመድ አልነካም። ቆሞ ሲያየን ቆየና፣
«እኛ ቤት» አለ፣ «ሦስት ስንዝር ወርድ ያለው የደንገል እስር
ማሰሪያው ይበላል ዘጠኝ ተኩል ስንዝር።»
ማን ነገረህ? ትከሻውን ሰበቀ።
«አባቴ ታንኳ ሲሠራ፣ ማሰሪያው ካጠረ ይፈታል፤
ከረዘመ ደግሞ፣ ለሚቀጥለው ያልቃል።»
ምናምኑን ነገ ሳልደርስበት ዛሬ ሰጠኝ።

ማክሰኞ መካፈል ነበር። «ስድስት ስድስት ሁኑ» አልሁ፤
ሰባት ክብ ሆኑና አንድ ልጅ ቆመ መሐሉ።
«ቀሪ አንድ!» ብለው ጮኹ። ቀሪው አወል ነበር።
አላፈረም። ጠመኔዬን ተቀብሎ፣ ከሰሌዳው ሥር፣
ዳኛ ሆነባቸው እስኪደወል ድረስ።

በሳምንቱ ያው ጨዋታ። «ስድስት ስድስት ሁኑ» አልሁ፤
ሰባት ክብ ሆኑ። ማንም አልቆመም መሐሉ።
«ያለ ቀሪ ተካፈለ!» አጨበጨቡ።
እኔም እጄን አንሥቼ ነበር፣ ላጨበጭብ፣
ጠረጴዛዬ ላይ የስም መጥሪያው ተከፍቶ ሳላነብ።

በሰሌዳው ላይ፦ ቀሪ ዜሮ።
በስም መጥሪያው ላይ፦ ቀሪ አንድ።
ማን ነው ይህን አንድ ቃል ለሁለት ነገር የሰጠው?
እዚያ የተረፈውን፣
እዚህ የጎደለውን የሚጠራው?

ደንገሉ ከዳሩ ርቋል አሉ፣ አባትና ልጅ ሊያጭዱ
ወደ ዘጌ ማዶ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሄዱ።
መቼ ይመለሳል? የሚያውቅ የለም።
ቢያድግልኝ ብቻ፣ «ዘጠኝ ተኩል ስንዝር» አለ በቀስታ፣
ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ክፍሉ ሲበተን ቆርኪዎቹን ቆጠርሁ፣ ከረጢቱን አሰርሁ፤
አንዱን ለብቻው አውጥቼ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርሁ።
ሥዕሉን ወደ ላይ ላድርገው? ያለን ነው?
ሆዱን ወደ ላይ ላድርገው? ዕዳ ነው?
ነፋሱ ከሐይቁ እየመጣ ነበር።
በጠርዙ አቆምሁት፣
ጠመኔ አስደግፌ።